ከገረጋንቲው እስከ ደጃፌ

የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ከትምህርት ሰዓት ውጪ ደግሞ ባጃጅ እነዳለሁ። ገንዳ ውሃ ከተማ ውስጥ በሁለቱም ሥራዬ «ቲቸር» ነው የምባለው፤ ተሳፋሪው እንኳን «ቲቸር፣ ወራጅ አለ!» ይለኛል። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ የማወራው ጥፋት ስሌት የማያውቅ ሰው ያጠፋው እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው።

ቤታችን ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ የሰፈሩ መጨረሻ ላይ ነው። መንገዱ ዋልካ ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ አቧራ ይሆናል፤ ዝናብ ሲነካው ጎማ ላይ ተጠቅልሎ አላስኬድም የሚል ጥቁር ጭቃ ይወጣዋል። ያን ዓመት ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ የመጀመሪያ ልጃችን ነው። ቀኗ ሐምሌ ላይ ነው ተባልን። ሐምሌ ላይ ደግሞ ከደጃፋችን ባጃጅ ወጥቶ አያውቅም። ፈራሁ።

ስለዚህ የባጃጅ ነጂዎች ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁ። ሬዲዮ ላይ አንድ ነገር ሰምቼ ነበር፤ የኤሌክትሪክ መኪና ነዳጅ ስለማይቀዳ፣ ከነዳጅ ላይ ለመንገድ ጥገና የሚሰበሰበው ገንዘብ እየሳሳ መጥቶ፣ አንዳንድ አገር ሾፌሩን በነዳው ኪሎ ሜትር ልክ ማስከፈል ጀምሯል። ይህንኑ የራሴ ፈጠራ አስመስዬ አቀረብኩት። የሰፈሩን መንገድ ሁላችንም እንመላለስበታለን፤ ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ የእያንዳንዱ ባጃጅ ቆጣሪ ይነበብ፤ ለመቶ ኪሎ ሜትር አንድ ጋሪ የገረጋንቲ ጠጠር ይምጣ፤ ከአስፋልቱ ተጀምሮ ወደ ውስጥ ይሞላ። «ብዙ የነዳ ብዙ ያፍስስ!» አልኩ፣ ጠመኔ የያዝኩ ይመስል እጄን እያወዛወዝኩ። አጨበጨቡልኝ። ስለ ባለቤቴ አንድም ቃል አልተነፈስኩም፤ ያወራሁት ስለ ሕዝብ ጥቅም ብቻ ነው።

ቆጣሪ እንዲያነቡ የተመረጡት አንድ አዛውንት ነበሩ። ድሮ በከባድ መኪና በመተማ ዮሐንስ እየተሻገሩ ሱዳን የሚመላለሱ ሾፌር ነበሩ፤ ወገባቸው እምቢ ሲላቸው ወደ ባጃጅ መጡ።

አሁን ጉዱ ይመጣል። የእኔ ባጃጅ ቆጣሪ አይቆጥርም ነበር። ከፊት ጎማ ወደ ቆጣሪው የሚሄደውን ገመድ በገዛኋት ሳምንት በፒንሳ ፈትቼዋለሁ። እኛ አገር ባጃጅ ሲሸጥ ገዢው መጀመሪያ የሚያየው ቆጣሪውን ነው፤ አንድ ቀን ስሸጣት «ገና አልሮጠችም» ልል ነበር። ስብሰባው ላይ ስናገር ይህ ትዝ አላለኝም ብል ማን ያምነኛል? በደንብ ትዝ ብሎኛል። መልሶ ለመግጠም ሁለት ደቂቃ ይበቃል። እኔ ግን አሰላሁ። ሠላሳ ባጃጅ አለ፤ የአንዱ ድርሻ ቢጎድል መንገዱ ምን ይጎዳል? ከሠላሳ አንድ። ስሌቱ እንከን አልነበረውም።

«ተበላሽቶብኛል» አልኳቸው አዛውንቱን በመጀመሪያው ቅዳሜ።

ጎንበስ ብለው የተንጠለጠለውን ገመድ አዩት። ቀና ብለው ደግሞ እኔን አዩኝ።

«ሙሽኪላ የለም ቲቸር፣ ችግር የለም፤ ታሠራዋለህ» አሉ ሱዳን በለመዱት ዐረብኛ፤ ወደሚቀጥለው አለፉ።

በሁለተኛው ሳምንት ነጂ የሆነ አንድ የድሮ ተማሪዬ ወደ ጥግ ሳበኝ። «ቲቸር፣ የእርስዎ ቆጣሪ እንዴት ሆኖ ነው የተበላሸው?» አለኝ ፈገግ ብሎ። ማስተማር የማይለቅ አመል ነው። ፒንሳዬን አውጥቼ አሳየሁት፤ ስጨርስም «ገባህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ክፍል ውስጥ አንድም ቀን እንዲህ ቶሎ ገብቶት አያውቅም። እሱ ለጓደኛው አሳየ፣ ጓደኛው ለጓደኛው፤ ወሩ ሳያልቅ የከተማው የባጃጅ ቆጣሪ በየተራ ሞተ። አሥር ዓመት ሳስተምር ትምህርቴ ለሁሉም ተዳርሶ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

የሚቆጥር የአዛውንቱ ብቻ ቀረ። ቅዳሜ ቅዳሜ የራሳቸውን አንብበው፣ ጋሪ ተከራይተው፣ ገረጋንቲውን በአካፋ ሲያወርዱ፣ እኔ «እግዜር ይስጥዎ አባባ» እያልኩ በአጠገባቸው አልፍ ነበር። ዝናቡ ሲገባ ገረጋንቲው ደጃፌ ሊደርስ አርባ ሦስት እርምጃ ሲቀረው ቆመ።

ባለቤቴን ምጥ የያዛት ሐምሌ ላይ ነው፤ ቀትር ላይ፣ ዝናቡ ገና እንዳባራ። አሳፍሬያት ከግቢ ስንወጣ አሥር እርምጃ እንኳ ሳንሄድ ባጃጇ ሰመጠች። ነዳጅ በሰጠኋት ቁጥር የባሰ ትገባለች። ባለቤቴ ብረቱን ጨብጣ «ኧረ በማርያም፣ አንድ ነገር አድርግ እንጅ!» ትለኛለች። ወርጄ ገፋሁ፤ ጭቃው ጫማዬን ወሰደው። ሌላ የማደርገው ጠፋኝና ቆሜ አለቀስኩ።

ጩኸቷን የሰሙ ነጂዎች እየሮጡ መጡ። ስምንት ሆነው፣ እሷ እንደተቀመጠች፣ ባጃጇን አንሥተው ተሸከሟት። የድሮ ተማሪዬ በፊት ጎማው በኩል ነበር፤ የተፈታው ገመድ ፊቱን ይመታዋል። አዛውንቱ ወገባቸውን ይዘው ከፊት ከፊት እየሄዱ «ቀስ በሉ እናንተ! እንዳታናውጧት!» ይላሉ። ገረጋንቲው ላይ ሲያሳርፏት ወደ እኔ ዞሩ።

«ኸላስ፣ አበቃ፣ ንዳ እንግዲህ!» አሉኝ።

ነዳሁ። ያቺን የመጨረሻዋን ቁራጭ መንገድ የሞሏት እሳቸው ብቻቸውን እንደሆኑ ጎማዬ ሥር ያለው ጠጠር ሁሉ የሚነግረኝ መሰለኝ።

ሴት ልጅ ተወለደችልን፤ ሁለቱም ደህና ሆኑ። ሆስፒታሉ በር ላይ ፒንሳዬን አውጥቼ ገመዱን ገጠምኩት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

በማግስቱ ወደ ቤት ስንመለስ ቆጣሪው ገመዱን ከፈታሁት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረ። ገረጋንቲው እስከሚያበቃበት ነዳሁና ቆምኩ። ባለቤቴ ጫማዋን አወለቀች። እኔ ልጅቷን ታቀፍኩ፤ እሷ ትከሻዬን ያዘች፤ ጭቃው ውስጥ ገባን።

«ምንድን ነው የምትቆጥረው?» አለችኝ።

ለካ እርምጃችንን ድምፅ አውጥቼ እየቆጠርኩ ነበር። ሃያ ሰባት ላይ ደርሻለሁ።

«ቆጣሪዬ ተበላሸ ብዬ ዋሽቼ ያላፈሰስኩትን ገረጋንቲ» አልኳት፤ ስለ ገመዱም፣ ስለ ፒንሳውም እዚያው ነገርኳት።

ቆመች። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቷ ነው።

«እንግዲያው ጮክ ብለህ ቁጠር፤ ልጅህም ትስማህ» አለችና ትከሻዬን ለቀቀች።

የቀረውን አሥራ ስድስት እርምጃ አጥር እየያዘች ብቻዋን ስትሄድ፣ ከኋላዋ ጮክ ብዬ ቆጠርኩ።