ብርጭቆ መርማሪው ገብረየስ

ገብረየስ ብርጭቆ አያምንም። ሰው እንደሆነ ያምናል፤ ሁለቴ ያታለለውን ደላላ እንኳ ሦስተኛ ጊዜ ያምነዋል። ብርጭቆን ግን ሳይመረምር ደጁን አያስረግጠውም።

አያቱ ከጦሩ ጋር ጅጅጋ መጥተው የቀሩ ናቸው፤ እሱም እዚያው ተወልዶ በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ወንበር ሲያሞቅ ኖረ። አንድ ጊዜ ድሬዳዋ ለሥልጠና ተልኮ አንድ መምህር የብርጭቆን ጥንካሬ፣ ክብደትና ሙቀት የመቻል አቅም ሲለካ አየና አበቃ! ሞረድ፣ ፔርሙስና ከወርቅ ሠሪ የለመናት ትንሽ ሚዛን ይዞ ሊቅ ሆነ።

ከድንበሩ ገበያ ከሐርተሼክ ዕቃ በሚጎርፍበት በዚያ ዘመን ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ይወርድና ብርጭቆ ሻጯ ዐርዶ ፊት ይጎለታል። ሰው ሊገዛ ሲል ይቀማውና ብርጭቆውን በጥፍሩ መታ አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል። አንዴ እንዲሁ፣ አንዴ ውኃ ውስጥ አንጠልጥሎ ይመዝነዋል። ቂጡን በሞረድ ይጭረዋል። በመጨረሻ የፈላ ውኃ ይሞላና ወዲያው ቀዝቃዛ ይደፋበታል። ከፈነዳ፣ “ድሮም ጤነኛ አልነበረም” ይላል። ካልፈነዳ፣ “አልፏል!” ብሎ ያስረክባል። ያለፈው ብርጭቆ በሳምንቱ ገዢው ቤት ሻይ ሲቀዳበት ለሁለት ይከፈላል። የተጫረ ብርጭቆ ሙቀት ሲቀያየርበት ከጭረቱ እንደሚሰነጠቅ መምህሩ ተናግሮ ነበር፤ ያኔ ገብረየስ ለሻይ ወጥቷል።

“አዴር፣” አለችው ዐርዶ፣ አጎቴ ማለቷ ነው፤ “ወላሂ ይህን ሁሉ እኔ ላይ ብታደርግ እኔም እሰበራለሁ!”

ሳቀባት። ሊቁ በራሱ ቤት ሻይ የሚጠጣው በቆርቆሮ ኩባያ ነበር፤ ምርመራውን አልፎ የከረመ ብርጭቆ ስላልነበረው።

ከዚያ የልጁ የገሊላ ነገር መጣ። ደገሀቡር በጸሐፊነት የሚሠራው ባስልዮስ ሽማግሌ ላከ። ገሊላ ከእሱ ሌላ ዓይኗ ማንንም አያይም፤ የቀረው የአባቷ እሺታ ብቻ ነው። ሽማግሌው አቶ ገብረክርስቶስ የባስልዮስ እናት የላከችውን ነጭ ጎድጓዳ ሳህን አስቀደሙ። ብርጭቆ ሆኖ ተሠርቶ፣ እንደገና በእሳት ጠንክሮ እንደ ሲኒ የነጣ ዕቃ ነው።

“ከእሳት አውጥተው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ቢከቱት አይሰነጠቅም ይላሉ” አሉ።

ምነው ባላሉ! ሰውየው ለልጅ ጥያቄ ቆመው ገብረየስ ሚዛኑን አወጣ። ሳህኑ በጥፍር ተመታ፣ ተመዘነ፣ ተጫረ፣ የፈላውንም የቀዘቀዘውንም ቻለ። ገብረየስ በሸቀ። ዕቃው ጉድለት ከሌለበት የመርማሪው እውቀት ምን ሊበጅ ነው? ገሊላ በር ላይ ቆማ፣ “አባዬ፣ ተው” አለች። እሱ ሳህኑን እስከ ትከሻው አንሥቶ ሲሚንቶው ላይ ለቀቀው።

ሳህኑ እንክትክት አለ።

“አላልኩም?” አለ ፊቱ በርቶ።

አቶ ገብረክርስቶስ ኮፍያቸውን አነሡ። “የኛን ልጅም እንዲህ ከሆነ የምትቀበሉት፣ ይቅርብን።” ገሊላ ተንበርክካ ስባሪውን መልቀም ጀመረች፤ እንባዋ ይወርዳል።

ያን ጊዜ ሚስቱ ቦጋለች ሻይ ይዛ ገባች። ትሪው ላይ አፋቸው ወርቃማ የሆነ ስስ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። ገብረየስ አንዱን አፈፍ አደረገ።

“ይህ ከየት መጣ? ማን መረመረው?”

“የሠርጋችን ነው” አለች። “አንተ ከድሬዳዋ በተመለስክ ማግስት ጤፍ ጆንያ ውስጥ ደበቅኳቸው። አንድም አልጎደለ።” ልጇን አሳየችው። “ገሊላን ግን ጆንያ ውስጥ ልደብቃት አልቻልኩም። አሁን ሰውየውን አስቀምጥና እሺ በል።”

ገብረየስ በሌላ እጁ ሞረዱን አውጥቶ ነበር። ልጁን ተመለከታት፤ ጣቷ በስባሪው ተቆርጦ ይደማል። ሞረዱን ኪሱ ከተተና፣ “ይቀመጡ፣ አቶ ገብረክርስቶስ” አለ። “እሺ ብያለሁ።”

ከዚያም በራሱ የሠርግ ብርጭቆ፣ ካገባ ከስንት ዘመን በኋላ፣ ሻይ ጠጣ።