የሚስተር አርተር የነፋስ መብራት

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ልጄ ሜሮን ደወለችልኝ። እሷና ባሏ ከለንደን ወጥተው የባሕር ጠረፍ ላይ ካለች ትንሽ ከተማ ቤት ሊገዙ ነው። «ማሚ፣ ከላይኛው ቤድሩም መስኮት ባሕሩ ላይ የተተከሉት ዊንድ ተርባይኖች፣ ከነፋስ መብራት የሚያመነጩት፣ ይታያሉ፤ ቀስ ብለው ሲዞሩ ደስ ይላሉ። ያ ክፍል ላንቺ ይሁን? መጥተሽ ከኛ ጋር ትኖሪያለሽ?» አለችኝ። አባቷ ካረፈ ወዲህ እዚሁ ለንደን፣ ኤድመንተን ሰፈር ባለው ቤታችን ብቻዬን ነኝ።

«አይ የኔ ልጅ፣ አትቸገሩ፤ እኔ እዚሁ ደህና ነኝ» አልኳት።

«ኦኬ ማሚ» አለችና ስለ ሌላ ነገር አወራን። ስልኩን ዘግቼ ወጥ ቤት ገባሁ፣ ምስር ዘርግቼ መልቀም ጀመርኩ። ቀና ስል በመስኮቱ በኩል ጓሮ የቆመው የብረት ምሰሶ ታየኝ። አሁን የባቄላ ሐረግ ነው የሚጠመጠምበት። ያን ጊዜ ግን ጫፉ ላይ ነፋስ የሚያዞረው ማሽን ነበረበት፤ ለጥቂት ከነቤቱ ሊያመልጠን ነበር።

ነገሩ የሆነው በዘጠናዎቹ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እኔና ባለቤቴ ዳኛቸው ኬኒንግተን ውስጥ ካውንስሉ፣ ማለትም ማዘጋጃ ቤቱ፣ በሚያከራየው አንድ ሕንፃ አናት ላይ እንኖር ነበር። ሊፍቱ ከሚሠራበት ቀን የሚበላሽበት ይበዛል። የመኝታ ቤታችን ግድግዳ በእርጥበት ጠቁሮ፣ ብንፈገፍገው በሳምንቱ ይመለሳል። እኔ ደግሞ ሜሮንን አርግዤ ሆዴ ገፍቷል። ልጄ ያን ሻጋታ እየማገች እንድታድግ አልፈልግም ነበር። ሞርጌጅ፣ የባንክ የቤት ብድር፣ አፕላይ አድርገን ተፈቀደልንና ቤት ፍለጋ ጀመርን። የወደድነው ዋጋው አይቀመስም፤ የሚቀመሰውን ደግሞ አንወደውም።

በመከር፣ አንድ ቅዳሜ የሚሸጥ ቤት ልናይ ኤድመንተን ሄድን። መንገዱ በረጠበ ቅጠል ተሸፍኖ ያንሸራትታል፤ ዳኛቸው ክንዴን ይዞ እንደ እንቁላል ነበር የሚያስኬደኝ። በሩን የከፈቱልን ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ በወጣትነታቸው መርከበኛ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። እንግሊዞች ሚስተር የሚሉት በቤተሰብ ስም መሆኑን ብናውቅም፣ እኛ እንደ አገራችን ከራሳቸው ስም ጋር አጣበቅነውና «ሚስተር አርተር» አልናቸው። ቅር አላላቸውም።

«ሻይ ላፍላላችሁ?» አሉ ገና ከመግባታችን።

«ኧረ አይቸገሩ» አልን ሁለታችንም። ብርዱ አጥንታችን ውስጥ ገብቶ ነበር። እሳቸው ግን እሺ ብለው ለራሳቸው ብቻ ቀዱና ፊት ለፊታችን ቁጭ ብለው ጠጡ። የሻዩ እንፋሎት እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ፖም ከጓሯቸው አመጡ፤ «አይ፣ በልተን ነው የመጣን» አልን። ሳህኑን መልሰው ወሰዱት። ሆዴ ጮኸ።

ከዚያ ጓሮ ወሰዱን። ከፖም ዛፉ አጠገብ ረጅም ምሰሶ ቆሟል፣ ጫፉ ላይ ባለ ሦስት ክንፍ ማሽን እየተሽከረከረ ያፏጫል። ከድሮ ጀልባቸው ነቅለው የተከሉት ነው። ነፋሱ ክንፉን ያዞራል፣ ማሽኑ የመኪና ባትሪ ይሞላል፣ ባትሪው የወጥ ቤቱን ትንሽ አምፖል ያበራል።

«ይሄ ሁሉ ሄሊኮፕተር ለአንድ አምፖል?» አለኝ ዳኛቸው በአማርኛ። በክርኔ ጎሸም አደረግኩት። እኔ ሰማይ ባጉረመረመ ቁጥር መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ነው ያደግኩት፤ ከነፋስ የሚመጣ ብርሃን ሳይ ልቤ ቀለጠ። ሚስተር አርተርም አምፖሉን አብርተው «ባለቤቴ ሹራቧን የምትሠራው በዚህ ብርሃን ነበር» አሉ። ቀጥለውም፣ «ማሽኑን ልተውላችሁ?» ብለው ጠየቁ።

«ኧረ በጭራሽ! የእርስዎ ነው፣ ይውሰዱት» አላቸው ዳኛቸው በትሕትና። ሽማግሌው አምፖሉን አጠፉ። ወዲያው ሸኙን።

አውቶቡስ ላይ አምፖሉን የት እንደምናደርገው ስንመርጥ መጣን። ዳኛቸውም «ደግመው ሲጠይቁን እሺ እንላለን» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ የሰው ንብረት ሲሰጡህ ወዲያው እጅህን መዘርጋት ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው።

ሰኞ ቤቱን የሚያሻሽጠው ኤጀንት ደወለ። ባለቤቱ ለናንተ ለመሸጥ የነበራቸውን ሐሳብ እየቀየሩ ነው፤ ቤቱን ማሽኑን ለሚወድ ሰው ነው የሚሸጡት፤ ሌላ ገዢ «አኖረዋለሁ» ብሏቸዋል አለ። ዳኛቸው ራሱን ይዞ ተቀመጠ። «አሁን በምን አፌ ሄጄ እለምናለሁ?» አለ። ይሉኝታ ለሱ ሁለተኛ ቆዳው ነበር። እኔ የጠቆረውን ግድግዳ አየሁና በማግስቱ ካፖርቴን ለብሼ ብቻዬን ሄድኩ።

ሚስተር አርተር በሩን ከፍተው ሲያዩኝ ደነገጡ። ያም ሆኖ «ሻይ?» አሉኝ።

«አዎ! ስኳሩን በዛ ያድርጉልኝ» አልኩ። በሕይወቴ እንግዳ ሆኜ በገባሁበት ቤት በአንድ ጥያቄ እሺ ስል የመጀመሪያዬ ነው፤ ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። «ማሽኑንም እፈልገዋለሁ። ቅዳሜም ፈልጌው ነበር።»

«ታዲያ ባልሽ ለምን አይሆንም አለኝ?»

«በኛ አገር ወዲያው እሺ ያለ ስግብግብ ይባላል። ሰጪው ይለምናል፣ ተቀባዩ እምቢ ይላል፣ በመጨረሻ ይቀበላል።»

«ስንት ጊዜ ነው የሚለመነው?»

«ቢያንስ ሦስት።»

ሽማግሌው ኩባያቸውን አስቀመጡ፣ ኮታቸውን አስተካክለው ተነሡ። «ማሽኑን ትወስጃለሽ?» አሉ። ገባኝ። «ኧረ አይሆንም» አልኩ። «እባክሽ ውሰጂው።» «አይቸገሩ።» «ስለ ባለቤቴ ብለሽ ውሰጂው» ሲሉ ግን ድምፃቸው ተሰበረ። «እሺ፣ እወስዳለሁ» አልኩና አለቀስኩ፤ እሳቸውም ዓይናቸውን ጠረጉ። ለሌላው ገዢ ቁርጡን አልነገሩትም ነበር፤ ቤቱን ለኛ ሸጡልን።

ሜሮንን ያጠባኋት በዚያ አምፖል ሥር ነው። ዳኛቸው በየመከሩ መሰላል ላይ ወጥቶ ሄሊኮፕተሩን ግራሶ ይቀባ ነበር፤ ሰፈሩ በሙሉ መብራት ሲጠፋበት የኛ መስኮት ይበራና ጎረቤት ሁሉ ወጥ ቤታችን ይሰበሰብ ነበር። በኋላ ክንፉ ተሰበረ፣ መለዋወጫውም ጠፋ፤ ምሰሶው ብቻ ቀረ። መልካም ዕድሜ ነበር፣ አልዋሽም።

ምስሩን ሳልጨርስ ስልኩን አነሣሁ። የኔ ልጅ ለንደን ተወልዳ ያደገች ናት፤ አንዴ ትጠይቃለች፣ የመለሱላትንም ታከብራለች።

«ሜሮን፣ ቅድም ያልሽኝን ክፍል እፈልገዋለሁ።»

«ማሚ፣ ሹር ነሽ? ከልብሽ አይ ያልሽኝ መስሎኝ እኮ አልቅሻለሁ» አለችኝ።

«እሱ የመጀመሪያው ነው» አልኳት። «የቀሩትን ሁለት ልመናዎች ዘልዬልሽ ነው።»