የቆመው አዙሪት

በቆቦ ሜዳ በበጋ፣ አቧራውን እየጠመዘዘ የሚነሳ አዙሪት ነፋስ አለ። ጋኔን አለበት ስለሚባል፣ ሲመጣ «በስመ ሥላሴ!» ብለን አማትበን እንሸሽ ነበር። አንድ ቀን ታናሽ እህቴ ሳትሸሽ ቀረች፤ አዙሪቱም ውጧት አለፈ። እናቴ አፈሩን ከፊቷ እየጠረገች «አንቺ ፈዛዛ፣ እግር የለሽም እንዴ?» ስትላት፣ «እማ፣ ውስጡ እኮ ጸጥ ይላል» አለች። ከክረምቱ በኋላ በወባ ሞተች። እናቴ ግን አዙሪቱ ነው የወሰዳት እንዳለች ቀረች።

ከዓመታት በኋላ ዱባይ በሰው ቤት ስሠራ፣ ማዳሜ እንደተጨመቀ ነጠላ ከታች እስከ ላይ ወደተጠማዘዘ ፎቅ ቤት ቀየረች። ከሩቅ ሳየው የቆቦው አዙሪት ቆሞ የሚጠብቀኝ መሰለኝ። ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት።

«ሳታማትቢ እንዳትገቢ፣ አደራ ልጄ!»

የገባን ቀን ግን ሁለቱም እጆቼ ዕቃ ይዘው ነበር። በሊፍት ወጥተን፣ የተሰጠኝን ክፍል በር ከኋላዬ ስዘጋው የመኪናው ጩኸት፣ የነፋሱ ፉጨት ሁሉ ከውጭ ቀረ። ውስጡ ጸጥ አለ።

ሳላማትብ መግባቴ ያኔ ትዝ አለኝ። እጄን ወደ ግንባሬ አንስቼ ግን መለስኩት፤ እህቴ እዚያ ካለች እንዳላባርራት ፈራሁ።