የእትዬ ዘነበች እግር

መካኒኩ ከመኪናው ስር በጀርባው ተኝቷል። የእህቴ ልጅ ከተከፈተው ኮፈን አጠገብ ቆሞ ስልክ ያወራል። የጋራዡ ባለቤት ራቅ ብሎ ከዛፍ ጥላ ስር ከሌላ ደንበኛ ጋር ዋጋ ይከራከራል። እኔ የሾፌሩ ወንበር ላይ ነኝ። እዚያ ያስቀመጠኝ መካኒኩ ነው፤ «እማማ፣ ሰው ስለጠፋ ነው፤ ፍሬኑን ይርገጡልኝ» ብሎ።

ረገጥኩ። ከስር የፍሬን ዘይት ሽታ ወጣ፤ ጣፈጥ የሚል፣ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ። «ይያዙት» አለኝ። ያዝኩት። ፔዳሉ መጀመሪያ ጠንከር አለ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ከእግሬ ስር ወረደ።

«ይሰምጣል» አልኩት።

«ኧረ! መካኒክ ነበሩ እንዴ እማማ?» አለና ከስር ሆኖ ሳቀ። እኔ ግን እትዬ ዘነበችን እያሰብኩ ነበር።

አዳማ ገና ናዝሬት ስትባል፣ እኔም ልጅ ሳለሁ፣ እትዬ ዘነበች ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ጎረቤታችን ነበረች። ባሏ ጋሽ በቀለ አንዲት ሰማያዊ ትንሽ የጭነት መኪና ነበረችው። በሳምንት አንድ ቀን መኪናዋን ግቢ ውስጥ አቁሞ ፍሬኗን ይመረምራል። እሱ ከስር ይገባል፤ እትዬ ዘነበች ጫማዋን አውልቃ ከላይ ትቀመጣለች። ያኔ መኪናዋ ብቻዋን የምታወራ ይመስል ነበር።

«ርገጪ!»

«ረገጥኩ።»

«ያዢ!»

«ያዝኩ።»

«ልቀቂ!»

የሰፈሩ ሴቶች በአጥር ላይ እያዩ «ባሏን በእግሯ የምትነዳ» ይሏት ነበር። እሷም «የናንተዎቹ በምን ይነዳሉ?» ብላ ትመልስላቸዋለች። ለምን በባዶ እግሯ እንደምትረግጥ ስጠይቃት፣ ጫማ እግርን ያደነቁራል አለችኝ። አጠገቧ አስቀምጣ እግሬን ፔዳሉ ላይ አሳርፋ ያስተማረችኝ ያን ጊዜ ነው። እንደ ስፖንጅ ልስልስ ብሎ ደጋግመው ሲረግጡት የሚጠነክር ከሆነ አየር ገብቶበታል፤ አየሩን ማስወጣት ነው። መጀመሪያ ጠንክሮ፣ ሲይዙት ቀስ ብሎ የሚወርድ ከሆነ ግን ዘይቱን የሚገፋው ዋናው ፓምፕ ውስጡ ተበልቷል። ያንን፣ አየር በማስወጣት አያድኑትም።

አንድ ቀን ጠዋት የእትዬ ጫልቱ እናት ኢተያ አረፉ የሚል መርዶ መጣ። እትዬ ጫልቱ ከእኛ ሦስተኛው ቤት ነበረች፤ ለእናቷ አንድ ልጅ ናት። ቀብሩ የዚያኑ ቀን ነው። የእድሩ ሰዎች የጋሽ በቀለ መኪና ላይ ተጫኑ። እትዬ ጫልቱ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ጋቢና ገብታ ተቀመጠች። ሬሳ ሳይነሳ መድረስ ነበረባቸው።

ጋሽ በቀለ ከመነሳቱ በፊት እንደ ልማዱ ሚስቱን አስረገጣት። ረገጠች፤ ያዘች፤ «ያዝኩ» ግን አላለችም።

«ምነው?» አለ ከስር።

«እየሄደ ነው።»

«ምኑ?»

«ከእግሬ ስር እየሄደ ነው፣ በቀለ።»

«አየር ይሆናል። ትናንት ዘይት ጨምሬበታለሁ።» አራቱንም ጎማ ዞሮ አየ። የሚያንጠባጥብ አልነበረም። «ደጋግመሽ ርገጪው።» ደጋገመች። «ይኸው ጠነከረ አይደል?»

«ይጠነክራል። ስይዘው ይሄዳል።»

ከኋላ የእድሩ ዳኛ ጮኹ፤ «ኧረ ሴትዮ ውረጂ! ሬሳ ቀጠሮ አይሰጥም!» ሌላው ደግሞ «መንጃ ፈቃዱ በሷ ስም ነው እንዴ?» አለ። አንዳንዶቹ ሳቁና የለቅሶ መንገድ መሆኑ ትዝ ሲላቸው ዝም አሉ።

እትዬ ጫልቱ ክንዷን ያዘቻት። «ዘነቡ፣ እናቴ ናት እኮ። ቀስ ብሎ ይነዳል።»

«መሄጃው ዳገት ነው፤ ይደርሳል» አለች እትዬ ዘነበች። «መመለሻው ነው የከፋው። ያን ቁልቁለት ይህን ሁሉ ሰው ጭኖ በምን ይይዘዋል?»

«አፈር ሳላለብሳት?»

እትዬ ዘነበች ከወንበሩ አልወረደችም። ሁለት እጇ መሪው ላይ ነበር። ጋሽ በቀለ ፊቷን አየና ወደ ኋላ ሄዶ «ውረዱ» አላቸው።

ሰዉ እየተነጫነጨ ወደ አውቶቡስ ተራ ሮጠ። አውቶቡሱ እስኪሞላ ቆመ። እትዬ ጫልቱ ኢተያ የደረሰችው ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ነው። መቃብሩ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ ነበር።

ጋሽ በቀለ በማግስቱ ፓምፑን ፈታው። የፍሬን ዘይት ከሱቅ ጠፍቶ ስለነበር፣ ዘይት ዘይት ነው ብሎ የሞተር ዘይት ጨምሮበት ነበር። ዘይቱን የሚያግደው የጎማ ቀለበት አብጦ እንደ ረጠበ ዳቦ ለስልሷል። ለእድሩ ሰዎች ጥፋቱን ራሱ ነገራቸው። ምትክ እስኪመጣለት ብሎ ፓምፑን መልሶ ገጠመው፤ መኪናዋም ግቢ ውስጥ ቆመች። እትዬ ዘነበች ንፍሮ ይዛ ለቅሶ ቤት ሄደች። እትዬ ጫልቱ አላባረረቻትም። ቀና ብላም አላየቻትም።

የለቅሶው ሰው ከተበተነ በኋላ፣ ምትኩ ፓምፕ ገና ሳይመጣ፣ አንድ ከሰዓት እትዬ ዘነበች እኛ ግቢ በር ላይ ቆማ ከእናቴ ጋር ስታወራ፣ እትዬ ጫልቱ መጣች። ጥቁር ለብሳለች። ማንንም ሳትጠይቅ እነ ጋሽ በቀለ ግቢ ገብታ የመኪናዋን በር ከፈተች። ጫማዋን አውልቃ ወጥታ ተቀመጠች። እትዬ ዘነበች ተከትላት ሄዳ ከበሩ አጠገብ ቆመች፤ እኔም አጥሩን ይዤ አየሁ።

ረገጠች። ያዘችው። ፔዳሉ ከእግሯ ስር እየሄደ ጉልበቷ ቀስ እያለ ሲዘረጋ ይታይ ነበር፤ እስከ መጨረሻው ተዘረጋ። እግሯን ሳታነሳ ብዙ ቆየች።

ከዚያ ወረደች። ጫማዋን አደረገች፤ ነጠላዋን አስተካከለችና በእትዬ ዘነበች አጠገብ አልፋ ወጣች።