የጊፍቲ ላሞች በአሥራ አራት ቅጂ

እትዬ ሀረገወይን መቱ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ታይፒስት ነበሩ። አለቆቹ የሚፈርሙትን ደብዳቤ ለማንበብ አይደክሙም፤ የሚያነቡትም የሚያርሙትም እሳቸው ነበሩ። የቢሮው ሥራ ወደ ኦሮምኛ ሲዞር ትላልቆቹ ኃላፊዎች «ዕድሜዬ አይፈቅድም» እያሉ ሲያለቃቅሱ፣ እትዬ በሁለት ወር ውስጥ ጣታቸውን ቁቤ አስተማሩት።

ጡረታ ሲወጡ ከአንድ ኮሌጅ በር ፊት ለፊት ጠባብ ሱቅ ተከራዩ፤ አንድ ኮምፒዩተርና አንድ የሚያስል ፕሪንተር አስገቡ። በዚህም የማምረቻ መሣሪያ ባለቤት ሆኑ፤ ከበርቴ! ዝናብ ሲመጣ ታዲያ ከበርቴዋ ፕሪንተሩን በላስቲክ ለመሸፈን ይሯሯጣሉ።

ደንበኞቻቸው የኮምፒዩተር ተማሪዎች ናቸው። ሳይንሱን በእስክሪብቶ ጽፎ ለጡረተኛ የሚያስተይብ ትውልድ ማለት ነው። ምን ያድርጉ፣ ኮሌጁ ኮምፒዩተር ላብ ውስጥ መብራት ሲኖር ወረፋ ነው፤ ወረፋው ሲደርስ መብራት የለም።

ከኡካ የመጣችው ጊፍቲ ሐሙስ ዕለት በእጇ የጻፈችውን ስድስት ገጽ ይዛ ገባች። የዳታ ስትራክቸር አሳይመንት ነው፦ መረጃዎችን እንደ ሰንሰለት አያይዞ የሚጨምርና የሚቀንስ ፕሮግራም። ታትሞ የሚገባው ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ለምሳሌ የሚሆን ዝርዝር ስታጣ የአባቷን ላሞች ደርድራበታለች፦ ቡሬ፣ ማጋላ፣ ዳለቻ። አንዷ ስትሸጥ ሰንሰለቱ ሳይበጠስ እንዴት እንደምትወጣ ስታስብ ሳምንቱን ሙሉ ምግብ አልበላ ብሏታል። ባለፈው ሴሚስተር ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል፤ ይህን ኮርስ ከወደቀች ጓዟን ጠቅልላ ወደ ኡካ ነው። እትዬ አንድ ነጥብ ሳያዛንፉ ጽፈው አተሙላት።

ዓርብ ጠዋት የክፍሏ ልጅ ጉቱ መጣ። ጸጉሩን ለማበጠር ጊዜ አጥሮት አያውቅም፤ ጊዜ የሚያጥረው ለአሳይመንት ነው።

«እትዬ፣ የአሳይመንቱ ፎርማት አለ አይደል?»

«እንዴት ይጠፋል!»

ጉድ የሠራቸው የቢሮ ልምዳቸው ነው። በእሳቸው ዓለም የዓመት ፈቃድ ማመልከቻ አንድ ነው፤ ስም ይቀየራል እንጂ ጉዳዩ አይቀየርም። ያዘዘው አንድ መምህር ከሆነ ወረቀቱም አንድ መሆን አለበት ብለው የጊፍቲን ፋይል ከፈቱ፣ ስሙን ቀየሩ፣ አተሙ። ጉቱም የምሥራቹን ለሰፊው ተማሪ አዳረሰ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ አሥራ ሦስት ሰው ተስተናገደ። «ቀደም ብላችሁ አትመጡም፣ እናንት ሰነፎች!» እያሉ ሁሉንም በፍቅር ሸኙ።

ሰኞ ጊፍቲ ዓይኗ ቀልቶ መጣች።

«መምህሩ ዜሮ ሰጠን፣ እትዬ። ለአሥራ አራታችንም።»

«ምን አጠፋችሁ?»

«ሁላችንም ቡሬ የምትባል ላም አለችን።»

«ፎርማቱ ነው እኮ!»

«ምን ፎርማት አለው፣ ከጭንቅላቴ ነው ያወጣሁት!»

እትዬ ቁጭ አሉ። በሃያ ስድስት ዓመት አንድም ደብዳቤ ተሳስተሻል ተብሎ አልተመለሰባቸውም። ከዚያ ተነሡ፣ ከመደርደሪያው አንድ ፋይል አወጡ፣ ሱቁን ቆልፈው መንገዱን ተሻገሩ።

የኮርሱ መምህር ፉፋ ሠላሳ ዓመት አልሞላውም፤ በደንብ አጥባቂነቱ ግን ሁለት ጊዜ ጡረታ የወጣ ይመስላል።

«መምህር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። የልጅቷን ሥራ ያከፋፈልኩት እኔ ነኝ።»

«ይቀመጡ እትዬ። ተማሪዎቹ ናቸው የላኩዎት?»

«እኔ ለአለቃም አልተላላክሁም!»

«ታዲያ ሥራው የጊፍቲ መሆኑን በምን ልወቅ?»

እትዬ ፋይሉን ከፈቱት። ረቂቅ መጣል በቢሮ ሕግ ነውር ነው፤ ስድስቱ ገጾች ከነስርዛቸው ተቀምጠዋል። ማጋላ አራት ጊዜ ተሸጣለች። በሦስተኛው ሽያጭ ከእሷ ኋላ ያሉት ላሞች በሙሉ አብረው ጠፍተው፣ ጊፍቲ ዳር ላይ በትልቁ «ሁንዱምቱ በዴ!» ብላ ጽፋለች፤ ሁሉም ጠፋ ማለቷ ነው።

መምህሩ እዚያ ሲደርስ ደንቡን ረስቶ ሳቀ።

«እኔም ተማሪ ሆኜ እንዲሁ ጠፍተውብኛል» አለ። «የጊፍቲ ማርክ ይመለሳል። ሌሎቹ እስከ ዓርብ እንደገና ይሥሩ። ያለ ላም!»

ጉቱ በንጋታው «እትዬ፣ አስበሉን!» ብሎ፣ ተከታዮቹን አስከትሎ ወደ ማዶኛው የጽሕፈት ሱቅ ተሰደደ። እትዬ በእሱ ብዙ አልተናደዱም። የከበዳቸው ጊፍቲም መቅረቷ ነው፤ በኮሌጁ በር ስትወጣ ያዩዋታል፣ አንገቷን ደፍታ ታልፋለች። ብትቀየመኝም እውነቷን ነው ይላሉ።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ሌላ አሳይመንት ሊሰበሰብ ሦስት ሰዓት ሲቀረው፣ ጊፍቲ በሩ ላይ ቆመች። ወረቀቶቿን ዘረጋች። እትዬም ተቀብለው ጻፉ፣ አተሙ፣ በስቴፕለር መቱት። ከዚያ ስክሪኑን ወደ እሷ አዞሩና ፋይሉን እያየች አጠፉት።

«እንዴ! እትዬ፣ ስህተት ቢገኝበትስ?»

«ጣት የለኝም? እንደገና እጽፍልሻለሁ።»