ባለ ካባው መቀለድ የጀመረ ጊዜ

ባለፈው ሰሞን ከቢቸና ወደ ሞጣ ስመለስ፣ ደብረ ወርቅን እንዳለፍን፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጠ ወጣት ስልኩን ከፍቶ ፊልም ማየት ጀመረ። ማዳመጫ አልነበረውም። መጀመሪያ ፍንዳታ ተሰማ፤ ቀጥሎ ሙዚቃ፤ ከዚያ የወንድሜ ድምፅ።

ዞር አላልኩም። ወንድሜ ከሞተ ቆይቷል። ድምፁ ግን እንደ ድሮው ትንሽ በአፍንጫው እየወጣ፣ ቃሉን ጎተት እያደረገ፣ ፊልሙ ላይ ከተማው ሲደረመስ ስለ ዶሮ ዋጋ ይቀልዳል። ተሳፋሪው ሳቀ፤ ሾፌሩም ሳቀ። እኔ መስኮቱን ከፈት አደረግኩ፤ የእርጥብ አፈር ሽታ ገባ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ የሳቅ እንባዋን እየጠረገች፣ "ይሄ ሰውዬ ሐዘን የሚባል ነገር አያውቅም መሰለኝ" አለችኝ።

እንዴት ብዬ ልንገርህ። ወንድሜ ከሰው ሁሉ ዝምተኛው ነበር።

አባታችን ቢቸና የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበር። ወንድሜን እንግሊዝኛ ያስለመደው ቤት ውስጥ ነው፤ እራት እስኪደርስ ድረስ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል። አባታችን ሲሞት ወንድሜ ሁለተኛ ደረጃን ሊጨርስ ተቃርቦ ነበር። ከዚያ ወዲያ ወሬው ቀነሰ። እናታችን ጠዋት ስትጠራው አቤት ይላል፣ የታዘዘውን ይሠራል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። በቃ።

በዚያው ክረምት ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው የቪዲዮ ቤት ባለቤት ተርጓሚ ፈልጎ አስጠራው። ያኔ ተተርጉሞ ያለቀ ፊልም እንደ ልብ አይገኝም። ተርጓሚው ማይክሮፎን ይዞ ከቴሌቪዥኑ ጎን ይቀመጥና ተዋናዮቹ የሚሉትን እየሰማ እዚያው በአማርኛ ይናገራል። የቤቱ መስኮቶች በብርድ ልብስ ተሸፍነዋል። የረጠበ ጋቢና የተቆላ ሽምብራ ይሸታል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ድምፅ ማጉያው ይሸነፋል። ሴት ልጅ እዚያ መግባት አልተለመደም ነበር፤ እኔ ግን የተርጓሚው እህት በመሆኔ ማንም ምንም ሳይለኝ አጠገቡ እቀመጥ ነበር።

የመጀመሪያው ፊልም ግራጫ ካባ ስለሚለብስና ስለሚበር አንድ ሰው ነበር። ሰዉ ስሙን መያዝ ስላልቻለ ባለ ካባው ይለዋል። አባቱ በከተማው ቃጠሎ ይሞታል፤ እሱ ሌላውን ሁሉ ሲያድን አባቱ ጋ አይደርስም። ከዚያ በኋላ አይስቅም፣ ብዙም አይናገርም። መጨረሻ ላይ አባቱ መቃብር ዘንድ ሄዶ በዝናብ ይቆማል። ወንድሜ ማይክሮፎኑን ወደ አፉ አስጠጋና፣ "አባዬ፣ ማታ ማታ በሩን ማን ይዝጋ?" አለ።

ባለ ካባው እንዲህ አላለም። አፉ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። በእኛ ቤት ግን ማታ በሩን የሚዘጋው አባታችን ነበር፤ እሱ ከሞተ በኋላ ሲመሽ ሦስታችንም በሩን እናያለን፣ ማንም ቶሎ አይነሳም። ያ ሁሉ ሹፌር፣ ረዳትና ተማሪ የሞላበት ቤት ጸጥ አለ። አንድ የጭነት መኪና ረዳት ጋቢውን ፊቱ ላይ ሲስብ አየሁት።

ሁለተኛው ክፍል ሲመጣም ባለ ካባው ያው ነበር። የቢቸና ሰው ወደደው፤ ከባለ ካባው ይልቅ ግን የወደዱት የወንድሜን ድምፅ ይመስለኝ ነበር።

ሦስተኛው ክፍል የመጣው እኔ ኮሌጅ ልገባ ስዘጋጅ ነው። የገበያ ቀን ስለነበር ሰዉ ቆሞ ሁሉ ያይ ነበር። ፊልሙ ተጀመረ። ባለ ካባው ካባው ሊፍት በር ላይ ተይዞበት ወደቀ። የሚናገር ውሻ አብሮት አለ፤ ከውሻው ጋር ስለ ምግብ ይከራከራል፤ ጠላት ሰማዩን እያፈረሰው እሱ ይቀልዳል። ወንድሜ ቀልዶቹን አልተረጎማቸውም። ስክሪኑ ላይ ሰዎች እየሳቁ፣ እኛ የምንሰማው ያንን የቆየ፣ ቀዝቃዛ፣ ያዘነ ድምፅ ነው። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ አንድ ነርስ እንግሊዝኛው ገብቶት ብቻውን ይስቅ ጀመር። ሰዉም ምን ብሎ ነው? ምን ብሎ ነው? ማለት ጀመረ። ባለቤቱ መጥቶ ወንድሜ ጆሮ ሥር ጎንበስ ብሎ፣ ሰው ሊስቅ ነው የመጣው፣ እንደተባለው ተናገር አለው።

ባለ ካባው እዚያው አባቱ መቃብር ዘንድ ሲደርስ ወንድሜ ዝም አለ። ፊልሙ ላይ ሰውየው ለውሻው አንድ ነገር ይነግረዋል፣ ውሻውም ይመልሳል፤ ነርሱ ከት ብሎ ሳቀ። የተቀረው ሰው ወደ ወንድሜ ዞሮ ይጠብቃል። የማይክሮፎኑ ጩኸት ብቻ ይሰማል። ከዚያ ወንድሜ፣ እንግዳ ሲገባ ከመቀመጫቸው ለሚነሱለት ሰዎች እንደሚባለው አድርጎ፣ ለመቃብሩ ሁሉ "ኧረ በእግዜር! አትነሱ፣ አትነሱ!" አለ።

ቤቱ ፈረሰ ማለት ይቻላል። አግዳሚው ላይ የነበሩት እየተደጋገፉ ሳቁ። ወንድሜ አልሳቀም፤ ግን ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ ሰዉን አየ። አባታችን ከሞተ ወዲህ ሰውን እንዲያ ቀና ብሎ ሲያይ አይቼው አላውቅም።

ወደ ቤት ስንሄድ ጭቃውን እየዘለልን፣ ለምን ተናደድክ አልኩት። አልተናደድኩም አለ። ትንሽ ሄደና ቆመ።

"ያው ካባ ነው፣ ያው ፊት ነው እታለም። ሰውየው ግን የለም። ወስደው ሌላ ሰው አመጡብን።"

ከዚያ በኋላ ያለው ቶሎ ቶሎ ሆነ። ሞጣ ያለ ትልቅ ቪዲዮ ቤት ወሰደው፤ ቀጥሎ አንድ ሙዚቃ ቤት ድምፁን ፊልሙ ላይ እየቀዳ በፍላሽ ይሸጥ ጀመር። የሚፈለገው ቀልዱ ነበር። ቀልድ የሌለበት ፊልም ላይ እንኳ ቀልድ ይጨምራል። የመጀመሪያውን ክፍል ግን የቀዳው ሰው የለም፤ ያንን በአፉ ተናግሮት እዚያው ቀረ።

እኔም ተመርቄ ሞጣ ለማስተማር ተመደብኩ። ወንድሜ መንገድ ላይ ሲያልፍ ባለሱቁም፣ ሊስትሮውም፣ ከመስጊድ የሚወጡት ሽማግሌዎችም ይጠሩታል፤ ለሁሉም አንድ የሚያስቅ ነገር አለው። ለእኔም እንዲሁ ነበር። ስለ አባታችን ሳነሳበት ቀልዶ ያልፈዋል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ይከፋኝ ነበር። አብሮኝ ያደገውን ሰው በወንድሜ ፊት ውስጥ እፈልገዋለሁ፣ አላገኘውም።

ኩላሊቱን ሲታመም ሆስፒታል ተኛ። እግሩ አብጦ ጫማ አልገባ ሲለው እንኳ ነርሶቹን ያስቃል፤ ተረኛ ያልሆኑት ሁሉ እየመጡ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሁላቸውም ወጥተው ሁለታችን ቀረን። ፀሐይዋ በመጋረጃው በኩል ብርድ ልብሱ ላይ አርፋለች። እስቲ አሁን እንኳ አትቀልድ፣ እኔ ነኝ እኮ አልኩት።

ዓይኑን ጨፈነ። "ዝም ስል ሰው ይፈራና ይሄዳል" አለኝ። "ስቀልድ ይቀመጣል። ያን ባለ ካባ ለምን እንደዚያ እንዳደረጉት ገብቶኛል እታለም።"

እጁን ያዝኩት። ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ድረስ አልተነጋገርንም፤ እኔም አልሄድኩም።

የቀበርነው ቢቸና፣ አባታችን አጠገብ ነው። በሠልስቱ ቀን የሞጣ ጓደኞቹ ሚኒባስ ሞልተው መጡ። ድንኳኑ ጥግ ላይ በጸጥታ ተቀመጡ፤ ትንሽ ቆይቶ አንዱ አንድ ነገር አነሳ፣ ሌላው ጨመረበት፣ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሊያፍኑ ቢሞክሩም አመለጣቸው። ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን አጠቆሩ። ተነስቼ ዝም ላሰኛቸው ስል እናታችን ክንዴን ያዘች።

"ስለ ማን ነው የሚያወሩት?"

"ስለ እሱ ነው እማዬ።"

አላመነችኝም። እናታችን ቪዲዮ ቤት ገብታ አታውቅም፤ ፍላሹንም አልሰማችውም። በዓመት በዓል ከሞጣ ሲመጣ ደጃፉ ላይ ይቀመጥ ነበር አለችኝ፤ እሷም አጠገቡ ትቀመጣለች፣ ምንም ሳይባባሉ ይመሻል። እኔ ዓመት በዓልን ከባለቤቴ ቤተሰብ ጋር ስለማሳልፍ አላየሁም ነበር። ያ ሞጣ ላይ ስፈልገው የኖርኩት ሰው ለካ በየበዓሉ እዚህ፣ እሷ ጋ እየመጣ ይቀመጥ ነበር።

"ልጄ አባቱ ከሞተ ወዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም" አለች። ከዚያ ወጣቶቹን እንድጠራላት ነገረችኝ።

አንዱ መጥቶ ፊቷ ተንበረከከ። ይቅር ይበሉን እማማ አላት። ምን እንዳለ ንገረኝ አለችው። ልጁ መሬት መሬቱን እያየ ነገራት። አንድ ቀን ወንድሜ ሚኒባስ ውስጥ ከአንዲት ሴት አጠገብ ተቀምጦ ሳለ ረዳቱ ጠጋ ጠጋ በሉ እያለ ሲያስቸግር፣ "ወንድሜ፣ ከዚህ በላይ ከተጠጋንማ ሽማግሌ መላክ ሊኖርብኝ ነው" ብሎ ነበር።

እናታችን ትንሽ አሰበች። ከዚያ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፣ የፊት ጥርሷ ታየ፤ ሳቀች። እንባዋም አብሮ ወረደ፤ አልጠረገችውም። ልጁ ደንግጦ ሊነሳ ሲል እጇን ትከሻው ላይ አደረገችና አስቀመጠችው።

"ሌላስ?" አለችው።