ከራስጌዬ የተሰቀለችው ካናሪ

መጀመሪያ የመጣብኝ ብርድ ብርድ ማለት ነው። ጠዋት ደህና ሆኜ ቤቴን ጠርጌ፣ የካናሪዋን የሽቦ ቤት አጽድቼ እውላለሁ፤ አመሻሽ ላይ ጥርሴ መንገጫገጭ ይጀምራል። ከዚያ ትኩሳት፣ ቀጥሎ ደረቅ ሳል። እኛ ጋ አመሻሽ ላይ የሚያንቀጠቅጥ ነገር ሁሉ ወባ ነው ይባላል። እኔም ክሎሮኪኔን ዋጥኩ።

ስለ ካናሪዋ፣ ስለዚያች ዘፋኝ ወፍ ልንገራችሁ። ባለቤቴ ተክሌ ጅማ ውስጥ ሰዓት ሠሪ ነበር። በደርግ ጊዜ ሱቃቸው የተወረሰባቸው አንድ ግሪካዊ ደንበኛው አገር ጥለው ሲሄዱ ከነሽቦ ቤቷ ሰጡት። ቦሳ ኪቶ ሰፈር ያለው ቤታችን ከገባች ወዲህ ተክሌ ሰዓት እላፊው ሳይደርስ ሮጦ ይመጣል፤ ለእኔ መስሎኝ ነበር። ያፏጭላታል፣ ትመልስለታለች። እኔን «እራት ደረሰ?» ይለኛል። «ወንድ እኮ ነው፤ የሚዘፍነው ወንዱ ነው» ቢለኝም እሷ ማለቴን አልተውኩም። ጣውንት ወንድ ሆኖ ያውቃል እንዴ? የጣውንቴን ኩስ የምጠርገው ደግሞ እኔ! ደረቁን ስፍቀው፣ የረገፈውን ላባ ሳራግፍ ብናኙ ፊቴ ላይ ይቦናል።

ክሎሮኪኑ አልሠራም። ሳሉ ባሰ። ባልዲ ይዤ ከቧንቧው እስከ ቤት መድረስ አቃተኝ። ቀሚሴ ሰፋኝ። ጎረቤቱ ሳንባ ነቀርሳ ነው ብሎ ማንሾካሾክ ጀመረ። አልጋ ያዝኩ።

ተክሌ አዘነልኝ። ብርድ እንዳይገባብኝ መስኮቱን ዘጋ። ከዚያ የሽቦ ቤቱን አምጥቶ ከራስጌዬ በላይ ሰቀለው።

«ብቻሽን እንዳይደብርሽ፣ ታጫውትሽ» አለኝ።

ከልቡ ነው። እኔ ግን ቅናት አንገበገበኝ። ታምሜ እንኳ እሷኑ አመጣብኝ! ክንፏን ስታራግፍ ብናኙ ትራሴ ላይ ያርፋል። ትንፋሽ አጠረኝ። ከንፈሬ ጠቆረ። መናገር አቃተኝ። እሷ ትዘፍናለች።

ያዳኑኝ አባ ማጫ ናቸው፤ ገበያ ውስጥ ልብስ የሚሰፉ ጎረቤታችን። ሊጠይቁኝ ገብተው «ረቢ ሲ ሃ ፈይሱ፣ አላህ ይማርሽ ልጄ» አሉና ወደ ተክሌ ዞሩ። «ይሄ ወባ አይደለም። ምን ትጠብቃለህ? አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰዳት!»

አክታዬ ተመረመረ፤ ነቀርሳ የለም። ራጅ ተነሣሁ። ዶክተሩ ፊልሙን ወደ ብርሃን ይዞ ቆየና «ቤት ውስጥ ዶሮ አለ?» አለኝ። የለም አልኩ። «ርግብ? ሌላ ወፍ?» ተክሌ አንገቱን ደፋ። «ካናሪ አለች!» አልኩ። ለዚህች የሚሆን ትንፋሽ አላጣሁም።

«የኩሷና የላባዋ ብናኝ ሳንባዎን አስቆጥቶታል። አለርጂ ነው፣ ወደ ሰው አይተላለፍም። ፕሬድኒሶሎን እሰጥዎታለሁ፤ ወፏ እያለች ግን መድኃኒቱ ብቻውን አያድንዎትም።»

እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። ጣውንቴ ተያዘች! ተክሌን አየሁት። ዶክተሩን «ሌላ መድኃኒት የለም?» አለው። ያ ጥያቄ ከሳሉ በላይ አመመኝ። በመጨረሻ እኔ ላገግም አሰንዳቦ ከተማ ያለችው እህቴ ቤት ሄድኩ፤ እሷ ቤቴ ቀረች።

እህቴ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ወደ አዲስ አበባ የሚያልፉትን ቡና የጫኑ መኪናዎች እያየሁ፣ መድኃኒቱንም ሐኪሙ ባዘዘኝ መሠረት ቀስ በቀስ እየቀነስኩ ስወስድ፣ ትንፋሼ ተመለሰ፣ ምግብ ጣመኝ፣ ስስቅም ሳል አያቋርጠኝም። ማታ ማታ ግን ተክሌ አሁን እያፏጨላት ነው እያልኩ እቃጠላለሁ። አንድ እሁድ ሊጠይቀኝ መጥቶ አቅፎኝ ሄደ፤ አመሻሹን ያ ብርድ ተመለሰብኝ። ብናኙን በኮቱ ይዞልኝ መጥቶ ነበር። «ወይ እሷ ወይ እኔ» ብዬ በአውቶቡስ ሾፌር ላኩበት።

በሚቀጥለው እሁድ ያለ ኮት መጣ። «ለአባ ማጫ ሰጠኋት፤ ገበያ ሱቃቸው በረንዳ ላይ ናት። ቤቱን በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩት፣ ግድግዳውንም ኖራ ቀባሁት። ነይ በቃ» አለኝ፤ ዓይኑ ቀልቷል። ለእሷ ማልቀሱ ቢያበግነኝም ዕቃዬን ሸከፍኩ።

ለዶክተሩ፣ ለአባ ማጫና ለእህቴ ምስጋናዬ አያልቅም። እናንተም አዲስ ካናሪ ወደ ቤት ካስገባችሁ መኝታ ቤት አታኑሯት። ኩሷን ሳታረጥቡ አትጥረጉ፤ አፍና አፍንጫችሁን በጨርቅ ሸፍኑ፣ መስኮት ክፈቱ፣ እጃችሁን ታጠቡ። ሳልና ትኩሳት ከተመላለሰባችሁ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም ወፍ እንዳለ ንገሩት።

ተክሌ እሁድ እሁድ ሊያያት ይሄድ ነበር። እኔም መቅናቴን አልተውኩም። ሲመለስ ግን ዘው ብሎ አይገባም። ሸሚዙን ደጅ አውልቆ፣ ዝናብም ቢሆን ሳፋው ላይ ጎንበስ ብሎ ፀጉሩን ሳይቀር በሳሙና ይታጠባል። እኔ ፎጣ ይዤ በሩ ላይ እጠብቀዋለሁ። ለእሷ አፏጭቶላት ይሆናል፤ የሚታጠበው ግን ለእኔ ነበር።